በአቡጀዴው ኮርኒስ ላይ የቀረው

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው የጠዋት ሚኒባስ እንቅልፍ ያመጣል። መንገዱ ዝቅ እያለ ሲሄድ አየሩ ይሞቃል፣ ሰው ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፣ ወሬውም ቀስ በቀስ ይለዝባል። እኔም ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ግማሽ ተኝቼ ግማሽ ነቅቼ፣ የማሽላው ማሳ እንደ ውኃ ወደ ኋላ ሲፈስ አየው ነበር። ያን ዓመት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በዚያ መንገድ የምወርደው አንድ አሮጌ ቤት ለመለካት ነው። ቤቱ ሊፈርስ ነበር።

ወልድያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሌላ አገር ነው። ለሥራ መጥቼ፣ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ እዚሁ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ የምሥለው ገና ያልተሠሩ ቤቶችን ነው፤ ማን እንደሚገባባቸው አላውቅም። ከቢሮዬ ፊት ለፊት ግን ሰማያዊ መዝጊያና የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ ቤት ነበር፤ ዓይኔ ከወረቀት ሲደክም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አንድ ቀን ምሳ በልቼ ስመለስ ቤቱ የለም። በቦታው አቧራ ብቻ ቆሟል፣ ፀሐይ ገብታበት ወርቃማ ሆኖ።

ፍርስራሹ ዳር አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ከጭቃው ውስጥ ያነሱትን የመስኮት ማጠፊያ በእጃቸው ይዘዋል።

«ፎቶ እንኳ የለንም» አሉኝ፣ የቆየ ትውውቅ እንዳለን ሁሉ። «ለማንሣት ለሳምንት ቀጥረን ነበር።»

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። አሮጌ ቤቶችን የሚንከባከብ አንድ ትንሽ ማኅበር ይመራሉ። ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ የያዙትን ማጠፊያ ወደ እኔ ዘረጉት።

«እንግዲያው መለካት ትችያለሽ» አሉ። «መርሳ ሌላ አለ። እሱ እንኳ ሳይለካ አይሂድ።»

ማኅበሩ ሰፊ አይደለም። መርሳ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ጓሮ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪዎች፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ አናጢ። የማስቆም ሥልጣን የላቸውም። መለመን ይችላሉ፣ መለካት ይችላሉ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ደግሞ ይጠግናሉ። ከተለመኑት ባለቤቶች አብዛኞቹ ሻይ ጋብዘው ይሸኟቸዋል፤ ከዚያ ያፈርሳሉ።

የመርሳው ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የቆመ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታችኛው ቤት ድሮ ሱቅ ነበር። ላይኛው አንድ ሰፊ ክፍልና ወደ መንገድ የሚያይ ሰገነት አለው። በጦርነቱ ጊዜ የረገፉት የመስኮት መስታወቶች በቆርቆሮ ተሸፍነዋል። የጨው ነጋዴ የነበሩት ባለቤቱ ከሞቱ ቆይተዋል። ሚስታቸው፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ እማማ እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስለ ቤቱ ዕድሜ፣ ስለ ሰገነቱ ጌጥ፣ ስለ ወይራው ምሰሶ ብዙ ተናገሩ። እማማ ሙስባሃቸውን እየቆጠሩ በትዕግሥት ሰሟቸው።

«ካማራችሁ ውሰዱት» አሉ በመጨረሻ እየሳቁ። «እኔ ደረጃውን ከወጣሁ ስንት ዘመኔ! የኔ ጉልበት ከቤቱ ቀድሞ ፈርሷል። ልጄ ክረምት ሳይገባ አፍርሶ ምድር ቤት፣ ቧንቧ ያለው፣ ሊሠራልኝ ነው። አልሐምዱሊላህ። ምን አጠፋ?»

ምንም አላጠፋም። ልጃቸው ወልድያ ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር አለው። እናቱ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ብቻቸውን ማደራቸው የሚያስጨንቀው ደግ ሰው ነው። የምንለምነው ነገር ጠፋን። እስኪፈርስ ድረስ እንድንለካው ብቻ ፈቃድ ጠየቅን፤ እማማም «ለካችሁ ምን ይቀነስብኛል» ብለው ፈቀዱልን።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቼ ሁሉ እዚያ አለፉ። ደረጃው ሁለት ቦታ ስለበሰበሰ አናጢው መሰላል አቆመልኝ። ላይኛው ክፍል ውስጥ ዋኖሶች ጎጆ ሠርተዋል። ብርሃኑ በቆርቆሮው ቀዳዳ እየገባ ግድግዳው ላይ እንደ ሳንቲም ይበተናል፤ ቀኑ ሲገፋ ሳንቲሞቹ ቀስ ብለው ከግድግዳ ወደ ወለል ይወርዳሉ። ከታች የእማማ ሬዲዮ መንዙማ ሲያሰማ ድምፁ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ሽቅብ ይመጣል። ሜትሬን ዘርግቼ እጀምርና መሥራቴን እረሳለሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲከብድ እዚያው ወለል ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ክፍሉ በምሥራቅ በኩል ሌላ በር ነበረው፤ ከበሩ ወዲያ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ስነቃ የምሥራቁን ግድግዳ በጣቴ እያንኳኳሁ ስፈትሽ ራሴን አገኘሁት። ድፍን ጭቃ ነው። ቢሆንም ወልድያ ተመልሼ ንድፉን ስሠራ፣ በዚያ ግድግዳ ላይ እርሳሴ ሁልጊዜ ትንሽ ያመነታ ነበር።

ልኬቱ ሊያልቅ ሲል አናጢው የላይኛውን ወለል የተሸከሙት ወራጆች እንዴት እንደተጋደሙ ማየት አለብን አለ። ወራጆቹ ደግሞ ከታች፣ በእማማ ክፍል በኩል፣ በአቡጀዴ ኮርኒስ ተሸፍነዋል። አቡጀዴው ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል፣ ወደ ታችም ተንዘርጥጦ ዝናብ ያዘለ ደመና መስሏል። እማማ ራሳቸው «ክፈቱት፣ መቼም ፈራሽ ነው» አሉ። ሰፌድ አንሥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ ጤፍ ሊለቅሙ።

አናጢው መሰላሉ ላይ ቆሞ አቡጀዴውን በቢላዋ ቀደደው።

መጀመሪያ አቧራ ወረደ። ከአቧራው ጋር የማይታመኑ ብዙ ነገሮች መርገፍ ጀመሩ። የተምር ፍሬ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ጨሌ፣ የፀጉር መርፌ፣ የሙስባሃ ዶቃ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሕፃን ወተት ጥርስ። ላይ ቤት ሲኖሩ የወደቀው ሁሉ በጣውላው ስንጥቅ ሾልኮ፣ አቡጀዴው ላይ ተኝቶ ኖሯል። የአንድ ቤተሰብ ዕድሜ በሙሉ ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

«ያ ረቢ!» አሉ እማማ። ጤፉን ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጡና ባዶውን ሰፌድ ዘረጉልን። «አምጡት። አትርገጡት። ሁሉንም እዚህ አምጡት።»

እየለቀምን ሰፌዱን ሞላንላቸው። እሳቸውም እንደ እህል ያበጥሩት ጀመር።

«ይቺ የባሌ የካፖርቱ ቁልፍ ናት። ስትጠፋ ምን ያህል ተቆጣ መሰለሽ! ይሄ ጥርስ... ይሄስ የማን ነው? የትልቁ ይሆናል። ጣሪያ ላይ ወርውረነዋል ብዬ ነበር እኮ።»

ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነበር። እኔና አናጢው መሬት ላይ ተቀምጠን ሥራውን ረስተነዋል። ድንገት እጃቸው ቆመ። ከልጣጩ መሀል አንድ የጠቆረ ነገር አነሡ፣ በነጠላቸው ጫፍ አሹት። የብር ጉትቻ ነው፤ አንድ ብቻ።

በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት።

«አትናገሩኝ» አሉ፣ ማንም ሳይናገራቸው።

ቆየት ብለው ነው የነገሩኝ። በሙሽርነታቸው ጊዜ የባላቸው የአጎት ልጅ አብራቸው ትኖር ነበር። አባቷ የቤት ሥራ ትልመድ ብሎ ከውርጌሳ አምጥቶ ሰጣቸው።

«ልጅ ነበረች፤ እኔም ያው ልጅ ነበርኩ» አሉ። «ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን ፀጉር እንሠራራለን፣ መንገደኛ እያየን እንስቃለን። አንድ ቀን ጉትቻዬ፣ አንደኛው፣ ጠፋ። ከእኛ ከሁለታችን በቀር ላይ የሚወጣ የለም። ‹ወለሉ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን› አለችኝ። ‹ወለል ጉትቻ ይበላል ወይ?› አልኳት። ከዚያ ‹ሌባ› ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤት ሰማ። አባቷ መጥቶ ወሰዳት። አንገቷን ደፍታ ደረጃውን ስትወርድ አሁንም ትታየኛለች።»

«አሁን በሕይወት አሉ?» አልኳቸው።

«አለች። እዚያው ውርጌሳ። በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን፤ ሰላምታችን ግን ከአንገት በላይ ነው።» ጉትቻውን በጡጫቸው ጨበጡት። «ነገ ትወስጂኛለሽ?»

በማግስቱ እማማን አንድ ሚኒባስ ጋቢና አስገብቼ ውርጌሳ ወረድን። መንገዱ አጭር ነው፤ ለእሳቸው ግን የረዘመ ይመስለኛል። ጉትቻው በመሐረብ ተቋጥሮ ደረታቸው ውስጥ ነበር፤ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይጭናሉ። አንዴ ብቻ ተናገሩ።

«የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር» አሉ፣ ፊታቸውን ከመንገዱ ሳይመልሱ። «ወሬው ሲደርስ የወንዱ ወገኖች ተዉት። ትናንት ይሄን አልነገርኩሽም።»

ሴትየዋ ከብርቱካን ዛፍ ሥር ሰሌን ዘርግተው በርበሬ ሲያሰጡ አገኘናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። እማማን ሲያዩ ተነሡ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። እትዬ፣ በደኅና ነው? ሰው ሞተ?»

«ሰው አልሞተም» አሉ እማማ። መሐረቡን አውጥተው ፈቱ፣ ጉትቻውን በመዳፋቸው ላይ አድርገው ዘረጉ።

ሴትየዋ ጉትቻውን ሳይነኩ አዩት። በርበሬው ላይ አንድ ዶሮ ወጥታ መጫር ጀመረች፤ ያባረራት የለም።

«ከየት ተገኘ?»

«ከወለሉ ሥር። አንቺ ካልሽው ቦታ።» እማማ መዳፋቸውን ወደ ሴትየዋ አስጠጉ። «አፉ በይኝ፣ እህቴ። ለአላህ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ወዲያው ይተቃቀፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሴትየዋ ግን ተመልሰው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፣ አንድ በርበሬ አንሥተው ግንጩን ነቀሉ።

«እትዬ፣ ኑሮዬ ክፉ አልነበረም» አሉ ቀስ ብለው። «ደግ ባል አገኘሁ፣ ወለድኩ፣ ዳርኩ። ግን አንዳንዴ ሥራ ይዤ ሳለሁ ያ ጩኸትዎ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። ዛሬ አፉ ብዬዎታለሁ ብል ምላሴ ነው የሚለው።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ በነጠላቸው ገባ።

«ቤቱ አለ?» ሲሉ ጠየቁ ሴትየዋ።

«አለ። ሊፈርስ ነው።»

«ሳይፈርስ ልየው» አሉ። «የተሰደብኩት እዚያ ነው። እዚያ ቆሜ ልቤን ልጠይቀው።»

ይህን ለማኅበሩ ስንነግር አናጢው መሣሪያውን አንሥቶ ሄደ። በዚያ ሳምንት ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ አብሬው ዋልኩ። የበሰበሱትን የደረጃ ጣውላዎች አወጣን፣ በዋንዛ ተካን። ሊቀ መንበራችን ሚስማር እያቀበሉ ስለ አሮጌ ደረጃዎች አወጉን። ሊፈርስ ለተቀጠረ ቤት ደረጃ መጠገን ከዕብደት እንደሚቆጠር እናውቃለን፤ ማንም ግን አላነሣውም።

በገበያው ቀን ሴትየዋ ከውርጌሳ መጡ። ከታች ቆመው ቤቱን ሽቅብ አዩት። ከዚያ ደረጃውን ያዙ፤ እማማ ከኋላቸው፣ አንድ እጃቸውን በድጋፉ ሌላውን በእኔ ትከሻ ላይ አድርገው። እያረፍን ወጣን። እማማ ላይኛው ክፍል ደፍ ላይ ሲደርሱ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡና እንደ እንግዳ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

ሴትየዋ ክፍሉን ዞሩት። አንድ ጥግ ላይ ቆመው «ሰሌኔ እዚህ ነበር» አሉ። ጎንበስ ብለው በጣውላው ስንጥቅ ውስጥ ጣታቸውን ሰደዱ። ኮርኒሱ ተቀዷልና ከታች የእማማ አልጋ ይታያል። ወደ ሰገነቱ ወጡ። መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቷል፤ ማንጎ የጫነ አህያ፣ ባጃጅ፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች። ድምፁ ሁሉ ከሩቅ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። እዚያ ለብዙ ጊዜ ቆሙ። ጀርባቸውን ብቻ ነው የማየው። ዋኖሶቹ ከጣሪያው ሥር ይጉረመረማሉ፤ እማማ ከግድግዳው አልተንቀሳቀሱም። የት እንዳለሁ፣ በየትኛው ዘመን እንደቆምኩ ለአፍታ ጠፋኝ።

«እትዬ» አሉ ሴትየዋ፣ ሳይዞሩ። «ይምጡ እስቲ። ያቺ የጨርቅ ነጋዴዋ ሱቅ የነበረችበትን ያዩታል? ባንክ ሆኗል።»

እማማ ተንገዳግደው ሄዱ። ጎን ለጎን ቆሙ።

«አፉ ብዬዎታለሁ» ሲሉ ሰማሁ። «ልቤም ብሏል።»

እኔ ሜትሬን የማነሣ መስዬ አጎንብሼ ደረጃውን ወረድኩ። እንባዬን ያየብኝ አናጢው ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱን አዞረልኝ።

ልጃቸው አፍራሾቹን ሊያነጋግር በመጣ ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። እማማ አስቀምጠው ምሳ አበሉትና «ቤቱ አይፈርስም» አሉት።

«እማ፣ እሺ ብለሽ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። አሁን አላልኩም።»

«ምን ተገኘ ታዲያ?»

እማማ ብዙ ሊነግሩት ይችሉ ነበር። «ሰው ይመጣበታል» አሉት ብቻ።

ልጃቸው ወደ እኔ ዞሮ በቁጣ አየኝ፤ ያሳመንናቸው እኛ መስለነዋል። የማኅበሩ ልመና አንዲት ጣውላ እንዳላነቃነቀ ባስረዳው ደስ ባለኝ። ተነሥቶ ወጣ፤ ለተወሰነ ጊዜም ለእናቱ ከመደወል በቀር አልመጣም።

ክረምቱ ከበድ ብሎ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በነፋስ ተገፍቶ ሲመታው፣ የኋላው ግድግዳ ተንሸራተተ። የሕልሜ በር የነበረበት ግድግዳ ነው። ስደርስ በር በሚያህል ክፍተት ዝናብና የጓሮው የፓፓያ ዛፍ ይታያሉ። እማማ ጎረቤት ተጠልለዋል፤ ደኅና ናቸው። ልጃቸው በማግስቱ ደረሰ። ክፍተቱ ፊት እንደቆመ እኔን ሳያይ «አሁንስ?» አለ። እኔም በልቤ ቤቱን ቀብሬው ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ግን ከውርጌሳ አንድ አይሱዙ መጣ። የሴትየዋ ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ጭድ ጭነዋል። እናታቸው ጋቢና ተቀምጠዋል። «ጭቃ ያለ ጭድ አይይዝም» ብለው ወረዱ። አናጢው ምሰሶዎቹን አቃና፣ ማገሩን መታ። የማኅበሩ ሰዎች፣ ጎረቤቱ፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጭቃ ረገጥን። በሁለተኛው ቀን የእማማ ልጅ ከመደብሩ ቆርቆሮ አስጭኖ መጣ። ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ማታ ላይ ሳየው ፀጉሩ ውስጥ ጭድ ነበር፤ ከውርጌሳዎቹ ጋር ይሳሳቃል።

ግድግዳው ሲመረግ አዲሱና አሮጌው ጭቃ ቀለማቸው አልተስማማም፤ አሁንም ይለያያሉ። ልጃቸው በጓሮው በኩል ለእናቱ ምድር ቤት፣ ቧንቧ ያለው፣ ሠርቶላቸዋል፤ እማማ የሚያድሩት እዚያ ነው። ሰገነቱ አንድ በኩል ትንሽ አጋድሏል። ማኅበራችን ከዚያ ወዲህ ወልድያ ውስጥ ሌላ ቤት ለምኖ አጥቷል። እሱን ግን ለክተነዋል።

እኔ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እወርዳለሁ፤ የምለካው ባይኖርም። በገበያ ቀን የውርጌሳዋ ሴትዮ ዕቃቸውን ታች አስቀምጠው ላይ ይወጣሉ፤ እማማም እያረፉ ይከተላሉ። ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ማንጎ ይልጣሉ፣ መንገደኛውን ያማሉ። ባለፈው ስወጣ ይከራከሩ ነበር። እማማ በሙሽርነታቸው ጊዜ ክፍሉ ሰማያዊ ነበር ይላሉ። ሴትየዋ አረንጓዴ ነበር ይላሉ፤ ቀለሙን ያቦካሁት እኔ ነኝ እያሉ።

«ግድግዳውን ትንሽ ፍቄ ልይላችሁ?» አልኳቸው። «ከላዩ ልስን ሥር ይገኛል።»

ሁለቱም እኩል ዞረው አዩኝ።

«ተይው!» አሉ እማማ። «ምን አስቸኮለሽ? ቁጭ በይ፣ ማንጎ ብዪ።»

ቁጭ አልኩ።